ሪሀና ደብዳቤውን የጠየቀችበት ዓርብ

ሪሀና ጀላሉዲን ከእኔ ጋር መኖር የጀመረችው ያመለከተችባቸው የሕክምና ትምህርት ቤቶች በሙሉ «አይሆንም» ብለው በጨረሱበት ዓመት ነው። በዚያው ሰሞን ወላጆቿ የሎስ አንጀለስ የቤት ኪራይ አንገሽግሿቸው ወደ ላስ ቬጋስ ተዛወሩ። አባቷ ጋሼ ጀላሉዲን እዚያም ታክሲ ይነዳሉ፤ እናቷ ፋጡ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ልጃቸውን «አብረሽን ነይ» ቢሏት «እዚህ የጀመርኩት ነገር አለ» ብላ ቀረች።

ፋጡን የማውቃት ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ውስጥ አብረን ሳህን ስናጥብ ነው። እሷ ሄደች፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ከሳህን ወደ ድስት አደግሁ እንጂ ከወጥ ቤቱ አልወጣሁም። ስትሄድ ደወለችና «ለተማርያም፣ ልጄን አደራ» አለችኝ። ኮሪያታውን ሰፈር ያለው አፓርታማዬ አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነው ያለው። እሱን ለልጅቷ ለቀቅኩና እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ ሆንኩ። ፍሪጁን ተካፈልን፤ ላይኛው መደርደሪያ የእሷ ሐላል ሥጋ፣ ታችኛው የእኔ። የሥጋ ድስታችንም ለየብቻ ነው። የእኛ የክርስቲያኖቹ ጾም ሲገባ ግን ሪሀና ደስ ይላታል፤ ሥጋ የሌለበትን ከአንድ ድስት ስለምንበላ የማብሰሉ ሥራ ወደ እኔ ይመጣል።

እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት ደጅ ስትጠና ማየት መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። እሷ ናት ያስረዳችኝ። እዚህ አገር ሐኪም ለመሆን መጀመሪያ ኮሌጅ ይጨረሳል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ማመልከቻ ይገባል፤ ከሚያመለክተው የሚገባው ጥቂቱ ነው። ያልገባው ወይ ይተወዋል፣ ወይ አንድ ሁለት ዓመት ራሱን አጠናክሮ ይመለሳል። የኮሌጅ መካሪዋ የጎደላትን ነግረዋታል። የመግቢያ ፈተናዋ ዝቅ ብሏል። ከበሽተኛ አጠገብ በቂ ጊዜ አልቆመችም። ስትሠራ ያያት ሐኪም የጻፈላት የድጋፍ ደብዳቤ የላትም።

«ሌላም አለ» አለችኝ አንድ ቀን ሽሮ እየበላን። «አንድ ትምህርት ቤት ለኢንተርቪው ጠርቶኝ ነበር።»

«እና?»

«‹ከሌሎቹ ሁሉ አንቺን ለምን እንምረጥ?› አሉኝ። እኔ ደግሞ ‹ከእኔ የተሻሉ ብዙ አሉ፤ ግን ዕድሉን ከሰጣችሁኝ አላህ ካለ እሞክራለሁ› አልኳቸው።»

መልሱ ውስጥ ምን ስህተት እንዳለ አልታየኝም። ጨዋ ልጅ ሌላ ምን ትላለች?

«ጥሩ ነው የመለስሽው» አልኳት።

«እትዬ ለተማርያም፣ በሳምንቱ ነው ሪጀክት ያደረጉኝ።»

ከዚያ በኋላ ሪሀና ሥራዋን ያዘች። ከሚራክል ማይል ትንሽ ወረድ ብሎ ባለ ክሊኒክ ስክራይብ ሆና ተቀጠረች። ስክራይብ ማለት ሐኪሙና በሽተኛው ሲነጋገሩ ጥግ ቆሞ የሚባለውን ኮምፒውተር ላይ የሚጽፍ ሰው ነው። መናገር ሥራው አይደለም፤ መስማትና መጻፍ ነው። የተመደበችው ከዶክተር ሄለር ጋር ነበር። ሴትዮዋ በዕድሜ የገፉ፣ ነገር የማያበዙ፣ ግሌንዴል የሚኖሩ ሐኪም ናቸው። ሪሀና ስለ እሳቸው ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ እኛ ስለ ንስሐ አባታችን ስናወራ እንደምናደርገው።

ከክሊኒክ ስትወጣ በአውቶቡስ ወደ ምግብ ቤታችን ትመጣለች። ከምሳ በኋላ እራት እስኪጀመር ቤቱ ጭር ይላል። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሣህሊቱ የኋላውን ጠረጴዛ ፈቅዳላታለች። መጻሕፍቷን ዘርግታ ለፈተናው ታጠናለች። እኔ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ እሷ የማላውቀውን ነገር እያጉተመተመች ታነበንባለች። በዚያ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ከተገኘ ጋሼ ወንድይፍራው ናቸው። ከምግብ ቤቱ ጀርባ ያለውን ፓርኪንግ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ ምሳቸውን የሚበሉት መኪናው ሲቀንስላቸው ነው።

«ዶክተር፣ ይህ ጉልበቴ ዛሬም አላስቆም አለኝ» ይሏታል።

«ጋሼ ወንዴ፣ ገና ዶክተር አይደለሁም።»

«ለአንድ ጉልበት ምን ዶክተርነት ያስፈልጋል? ዝም ብለሽ ንገሪኝ።»

«ክብደት ቀንስ።»

«ሰማሽ ለተማርያም? ገና ክፍል ሳትገባ ሽማግሌ መስደብ ጀመረች። ለነገሩ እዚህ ለተወለዱት አንቱ የሚባል ነገር አልተፈጠረላቸውም፤ ‹ቀንስ› ነው ያለችኝ፣ እንደ እኩያዋ!»

«እርስዎ እኮ ነዎት ‹አንቱ አትበይኝ፣ ያስረጀኛል› ያሏት» አልኳቸው ከወጥ ቤት።

«አንቺ ሽንኩርትሽን ክተፊ።»

ኢንተርቪውን የሚያለማምዷት እሳቸው ነበሩ። ሜኑውን እንደ ፋይል ይገልጡና መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያወርዳሉ።

«ስምሽ?»

«ሪሀና ጀላሉዲን።»

«አንቺን ለምን እንምረጥ?»

«ጠንክሬ እሠራለሁ ብዬ አስባለሁ።»

«ብዬ አስባለሁ? እኔ ለደንበኛ ‹መኪናህን ሳላጋጭ ፓርክ አደርጋለሁ ብዬ አስባለሁ› ብለው ቁልፉን ይሰጠኛል? እንደገና!»

«ጠንክሬ እሠራለሁ።»

«መሬቱን አትይ! መሬቱ ነው የሚያስገባሽ?»

ሪሀና ትስቃለች፤ ከዚያ ቀና ብላ እንደገና ትጀምራለች። መጀመሪያ ላይ በትልቅ ሰው ፊት ዓይኗን መስበሩን መተው አልቻለችም ነበር። ደጋግመው ሲያለማምዷት ዓይኗ ቀና አለ፤ ድምፅዋ ግን ገና ነበር።

በጸደዩ ፈተናውን ደገመችው። ውጤቱ ሲመጣ ስልኳን ይዛ ወጥ ቤት ገባችና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቁጥሩን አሳየችኝ፤ ለእኔ ምንም አልነገረኝም። «በደንብ ጨምሯል፤ በቃ፣ ይሄ አለቀ» አለች። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ቀሚሷን አራግፋ የክሊኒክ ሺፍቷን ለማስጨመር ደወለች።

የቀረው ደብዳቤው ነው። ደብዳቤውን አመልካቹ አያየውም፤ ሐኪሙ ጽፎ በቀጥታ ለትምህርት ቤቶቹ ይልከዋል። ሥራዋን ያላየ ሐኪም ደግሞ አይሆንም። ክሊኒኩ ውስጥ ሌሎች አሉ፤ እነሱ ግን ስሟን እንጂ ሥራዋን አያውቁም። ዓመቱን ሙሉ ጎን ለጎን የሠራችው ከዶክተር ሄለር ጋር ነው። ያለ እሳቸው ደብዳቤ ማመልከቻዋ እንደ ዓምናው ነው የሚሆነው።

አንድ ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ነው የጮኸችው።

«እትዬ ለተማርያም፣ ጠየቀችኝ!»

«ማን?»

«ዶክተር ሄለር! እኔ አፌን ሳልከፍት። ‹ሌተር እንድጽፍልሽ ትፈልጊያለሽ?› አለችኝ።»

«እሰይ! እና ምን አልሻት?»

«‹አይ ዶክተር፣ ሥራ ይበዛብሻል፣ በእኔ የተነሣ አትቸገሪ› አልኳት።»

«ደግ። እሷስ?»

«‹ኦኬ› ብላ ወደሚቀጥለው በሽተኛ ገባች።»

ሁለታችንም ደስ ብሎን እራታችንን በላን።

ይህን የሚያነብ የእኛ ሰው ለምን ደስ እንዳለን ይገባዋል። ሰው ቤት ሄደን «ብሉ» ስንባል «አሁን በልተን ነው የመጣነው» እንላለን። በሞቴ፣ አፈር ስሆን እስክንባል እጃችንን አንዘረጋም። ሆዳችን እየጮኸ እንኳን ቢሆን። ፋጡም ልጇን ያሳደገቻት እንዲህ ነው፤ እንግዳ ቤት ሄዳ በመጀመሪያው ግብዣ ብስኩት ያነሣች ቀን እንዴት እንደቆነጠጠቻት ሪሀና ራሷ አጫውታኛለች። ስለዚህ ዶክተሯ ሁለተኛ እንዲጠይቋት ጠበቅን።

ሪሀና ከሥራ በኋላ እዚያው መቆየት ጀመረች። ዶክተር ሄለር ቦርሳቸውን ሲይዙ እሷ ኮሪደሩ ላይ ወረቀት ታስተካክላለች። «ደህና እደሪ» ይሏታል፤ ይሄዳሉ። እኔ ማታ «ዛሬስ?» እላታለሁ፤ «ዛሬ በሽተኛ በዝቶ ነበር» ትለኛለች። በሚቀጥለው ቀን «ዛሬስ?» እላለሁ፤ «ዛሬ ራሷን አሟት ነበር» ትላለች። ማመልከቻው ተከፈተ፤ ጓደኞቿ መላክ ጀመሩ። እሷ ሌላውን ሁሉ ሞልታ ደብዳቤውን ትጠብቃለች።

ረቡዕ ዕለት ወደ ምግብ ቤቱ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። መጽሐፏንም አልዘረጋችም።

«ዶክተር ሄለር ሪታየር ልታደርግ ነው» አለች። «ኦሪገን ልጇ ጋ ልትገባ ነው። ነገ አትመጣም። የመጨረሻ ቀኗ ዓርብ ነው።»

ጋሼ ወንድይፍራው ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ደብዳቤሽስ?»

ነገሩን ነገረቻቸው፤ ዶክተሯ እንደጠየቋት፣ እሷ አትቸገሪ እንዳለች፣ እስከዛሬ እንደጠበቀች።

«ምኑን ነው የጠበቅሽው?»

«ደግማ እንድትጠይቀኝ።»

 ጋሼ ወንድይፍራው ጠረጴዛውን እስኪይዙ ሳቁ።

«ጋሼ ወንዴ፣ አያስቅም!»

«በአንቺ አይደለም የምስቀው። እኔ እዚህ የመጣሁ ሰሞን ዳውንታውን ፓርኪንግ ስሠራ፣ አለቃዬ ሳንድዊች ገዝቶ ‹ግማሹን ትፈልጋለህ?› አለኝ። ከትናንትና ጀምሮ እህል የሚባል አልቀመስኩም። ‹ኖ፣ ታንክ ዩ› አልኩት። ሰውዬው አንዱን ግማሽ በላ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ‹አሁን ይለምነኛል፣ አሁን ይለምነኛል› እላለሁ። ሁለተኛውንም ግማሽ በላና ወረቀቱን ጠቅልሎ ጣለ! አፉን እንኳን የጠረገው እኔን እያየ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ሪሀና ግን አልሳቀችም።

«እዚህ አገር አንዴ አይሆንም ካልሽ አይሆንም ነው» አሏት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሷ ክፋት የለባትም። ያልሻትን ነው የሰማችሽ።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ሽማግሌ እንልካለን።»

«ሽማግሌ?»

«እኔና ለተማርያም እንሄዳለን። አንድ ሙስሊም ሽማግሌ እንጨምራለን፣ ለአንቺ ወገን። በር ላይ እንቆማለን፤ ‹ልጃችን አጥፍታለች፣ ይቅር በያት› እንላለን። አሥር ዓመት የተኳረፉ ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ደብዳቤ ያቅተኛል?»

«ሴኪዩሪቲ ትጠራባችኋለች!»

«ትጥራ። ሴኪዩሪቲውም የእኛ ልጅ ነው የሚሆነው።»

በዚያን ቀን ማታ አባቷ ደወሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ነበር የምታወራቸው፤ እኔም እሰማለሁ።

«ልጄ፣ ሪዝቅሽ ከሆነ፣ አላህ የመደበልሽ ከሆነ ይመጣል» አሉ ጋሼ ጀላሉዲን። «ትልቅ ሴትዮ እንቢ ብለሻት፣ ልትሄድ ዕቃዋን ስትሰበስብ ተመልሰሽ ስጪኝ ብትያት ምን ትላለች? ያሳፍራል።»

«አባ፣ እሷ እኮ አልከለከለችኝም። የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

«ቢሆንም።»

ስልኩ ሲዘጋ እኔም ሐሳቤን ሰጠሁ። «ለሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል ሪሀና። ሌላ ዶክተር ጋ ትሠሪያለሽ፣ እሱ ይጽፍልሻል» አልኳት። የምለው አጥቼ አይደለም፤ እንደዚያ ነው የማምነው። እኔን አለቃ አይሆንም ብሎኝ ተመልሼ የጠየቅሁበት ቀን የለም። ሌላ በር እስኪከፈት መጠበቅ ነው የለመድኩት።

ሪሀና ቀና ብላ አየችኝ።

«ይህን ዓመት ለትምህርት ሰጠሁት» አለች። «ሌላ ዓመት ለይሉኝታ አልሰጥም።»

ዓርብ ጧት በአውቶቡስ ልትሄድ ስትነሣ ጋሼ ወንድይፍራው መኪናቸውን በር ላይ አቁመው ጠበቋት። «ድራይቭ ላደርግሽ ነው እንጂ ሽማግሌ ሆኜ አይደለም» ብለው ማሉ። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ነበር፤ ለቀብርና ለሠርግ የሚለብሱትን። እኔ ልሰናበታት ነው የወረድኩት። እሷ ግን እጄን ይዛ «ነይልኝ፣ መኪናው ውስጥ ብቻ ተቀመጪልኝ» አለችኝ። በነጠላ ጫማዬ ገባሁ።

 መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ክሊኒኩ ስንደርስ ከመኪናው ወረደችና ሸርተት ያለ ሒጃቧን አስተካክላ፣ ወደ ኋላ ሳታይ በሩን ገፍታ ገባች።

እኛ ፓርኪንጉ ውስጥ ቀረን። ጋሼ ወንድይፍራው የመኪናዎቹን አደራደር ይተቹ ጀመር።

«ይኼን ነጩን ያቆመው ማነው? ማዕዘን ላይ ሁለት መኪና ይገባ ነበር እኮ።»

«ጋሼ፣ ተዉት፤ የእርስዎ ቦታ አይደለም።»

«ጥበብ ነው ለተማርያም። ጥበብ ሲባክን አልወድም።» ትንሽ ቆዩና «ምነው ቆየች?» አሉ።

«አሁን ገባች እኮ።»

«አስወጥታት ይሆናል።»

«ቢያስወጧት ኖሮ አሁን ትወጣ ነበር።»

«እሱስ ነው።» መስኮቱን ዝቅ አደረጉ፤ እንደገና ከፍ አደረጉ። «ኮቴን የለበስኩት በከንቱ ነው ማለት ነው?»

እኔ በሩን አያለሁ። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ቀርታ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። ልጄ ባትሆንም ተዋርዳ ስትወጣ ማየት አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ስትወጣ በፍጥነት ነበር የምትራመደው። የኋላውን በር ከፍታ ገባችና ዘጋችው። ሁለታችንም ዞርን።

«ንገሪና!» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው።

«መጽሐፍ ካርቶን ውስጥ እየጨመረች ነበር» አለች። «በሩን አንኳኳሁና ‹ዶክተር ሄለር፣ ያን ጊዜ አይ ያልኩሽ እውነት አልነበረም። ሌተሩን እፈልጋለሁ› አልኳት።»

«መሬቱን እያየሽ?»

«እሷን እያየሁ! ‹ታዲያ ለምን አይ አልሽ?› አለችኝ። ‹በእኛ ሰው ሲሰጥሽ ወዲያው መቀበል ነውር ነው፤ ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር› አልኳት። ‹እስከ መቼ ልትጠብቂ?› አለችኝ። ‹እስከ ዛሬ› አልኩ።»

«ሳቀች?»

«አልሳቀችም። ‹እኔ ሐኪም መሆኑን የተውሽው መስሎኝ ነበር› አለችኝ። ከዚያ ደግሞ…» ሪሀና ትንፋሽዋን ሳበች። «‹ብጽፍስ ምን እጽፋለሁ?› አለችኝ። ‹በሰዓቱ ትመጪያለሽ፤ ስትጽፊ አትሳሳቺም፤ ዝምተኛ ነሽ። ይህ የጥሩ ጸሐፊ ደብዳቤ ነው፤ የሕክምና ትምህርት ቤት አያስገባም። እኔ ያላየሁት ነገር ካለ በሽተኛዬ እስኪመጣ ንገሪኝ።›»

ይህ ነው ያላሰብነው። እኛ የፈራነው እንቢ ይላሉ ብለን ነበር። እሺ ብለው ባዶ ደብዳቤ ይጽፋሉ ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

«‹ብዬ አስባለሁ› አልሽ?» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው ፈራ ተባ እያሉ።

«አላልኩም። የአንድ በሽተኛ ነገር ነገርኳት። በረመዳን የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ ስኳራቸው ከፍና ዝቅ እያለ እሷን አስቸግሯት ነበር። መድኃኒቱን ትወስዳለህ ወይ ስትላቸው አዎ ይላሉ። ለትልቅ ሐኪም አይ አይባልማ! እኔ ግን ፊታቸው ስላላማረኝ ቆይቼ ለነርሷ ነገርኳት፤ ‹እኚህ ሰው ሳይጾሙ አይቀሩም፣ የቀኑን ኪኒን እየዘለሉት ነው፣ ጠይቂያቸው› ብዬ። ነርሷ ጠየቀቻቸው፤ እውነት ነበር። ዶክተር ሄለር መድኃኒቱን ለማታና ከንጋት በፊት ለሚበሉት ስሑር አስተካከለችላቸው። በማግሥቱ ነርሷን ሰው ፊት አመሰገነቻት። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።»

«ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ነርሷ ዶርካስ ‹እኔ አይደለሁም› ልትል ስትል በዓይኔ ከለከልኳት። ራሴን በራሴ ማንሣት አሳፈረኝ።»

ይህን ለዶክተሯ ስትነግራቸው ካርቶኑን ትተው ዶርካስን ጠሩ። ዶርካስ ኬንያዊት ናት፤ ጥያቄውን ስትሰማ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «በመጨረሻ!» ብላ ጮኸች። «እሷ ናት። ሌላም አለ! በሽተኞቹ በወረቀት የሚሰጣቸው ትእዛዝ ሳይገባቸው ሲቀር ማን መሰለሽ…» ማለት ስትጀምር ዶክተር ሄለር እጃቸውን አነሡ። «አንቺ አይደለሽም ዶርካስ፤ እሷ ትናገር» አሉ።

«ተናገርኩ» አለች ሪሀና። «ሁሉንም ‹እኔ› እያልኩ። እትዬ ለተማርያም፣ ጆሮዬ ነበር የሚግለው። ስጨርስ ‹ጥሩ ሐኪም ትሆኛለሽ?› አለችኝ። ‹አላህ ካለ› ልል አፌን ከፈትኩ።»

«ኧረ በመድኃኔዓለም!» አሉ ጋሼ ወንድይፍራው።

«‹አዎ› አልኳት። ኢንሻአላህን በልቤ ጨመርኩበት።»

«እሷስ? እሷስ ምን አለች?»

«‹ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ› አለችኝ። በሽተኛ መጣባት፤ ወጣሁ።»

ጋሼ ወንድይፍራው መሪውን በሁለት እጃቸው መቱት። ጥሩንባው ጮኸና አንድ ሰውዬ ደንግጦ ተሳደበ። ሪሀና ግን ከመኪናው ወረደች።

«ወዴት ነው?»

«ሺፍት አለኝ። ረፈደብኝ።»

ማታ ከመሆኑ በፊት ስልኳ ላይ ደብዳቤው መድረሱ ታየ። ምን እንደሚል አላወቅንም፤ እስከዛሬም አናውቅም። ጋሼ ወንድይፍራው ይህ ነገር አልዋጥ አላቸው። «ሳታነቢው ነው የተላከው? ስድብ ቢሆንስ?» ይሏታል። «ስድብ ከሆነ ተገቢ ስድብ ነው» ትላቸዋለች። በዚያው ሳምንት ማመልከቻውን ላከችው። ክረምቱን በሙሉ ትምህርት ቤቶቹ ለሚልኩት ተጨማሪ ጥያቄ መልስ ስትጽፍ ከረመች። መጻፏን እንጂ ምን እንደምትጽፍ አልጠየቅኋትም። አንዳንዴ ግን የጻፈችውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስታነብ እሰማታለሁ። አረፍተ ነገሩ «እኔ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ነገሩ እንደ ተረት ወዲያው አልሰመረም። ብዙዎቹ ዝም አሉ። ሦስቱ ለኢንተርቪው ጠሯት፤ ከነዚያ አንዱ አይሆንም አለ፣ አንዱ ከተጠባባቂዎች ጋር አሰለፋት። አይሆንም ያለው መልስ የመጣ ቀን ሶፋዬ ላይ ተኝታ ግድግዳውን ስታይ ቆየች።  በኋላ ተነሥታ ሻወር ወሰደችና «ሁሉም እንቢ ቢሉ ሦስተኛ አመለክታለሁ» አለች። አጽናኚኝ ብላ አልነበረም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የነገረችኝ።

ሦስተኛው እሺ አለ። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሰሜን በመኪና ብዙ ሰዓት የሚያስኬድ፣ እርሻ የበዛበት አገር ነው አለችኝ። ፋጡ ስልኩ ውስጥ እልልታዋን ስታቀልጠው የሆቴሉ ሰዎች ምን ሆነች ብለው ሳይሮጡ አልቀሩም። ጋሼ ጀላሉዲን አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ «ያቺን ሴትዮ አመስግኛት» አሉ። «ጻፍኩላት አባ» አለች። ጋሼ ወንድይፍራው ደግሞ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጉልበታቸውን ጠረጴዛው ላይ ሊሰቅሉ ሲሉ ሣህሊቱ አባረረቻቸው።

በነሐሴ ትሄዳለች። መኝታ ቤቱን የሚይዝ ሌላ ሰው መፈለግ ይኖርብኛል፤ ኮሪያታውን ቤት የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። ፍሪጁ ግን እንደተካፈለ ነው፤ ላይኛውን መደርደሪያ እስክትሄድ ድረስ አልነካውም። እሷ አሁንም ጧት ጧት ክሊኒክ ትሄዳለች። በእሷ ቦታ የምትገባውን አዲስ ስክራይብ እያሠለጠነች ነው።